ለኮሎኔል ካሲማሊ የተቀቀለው የበግ ራስ

የኮክ-ጃር ወረዳ ፖሊስ፣ የምርመራ ክፍል
የምስክር ቃል

ስም፦ ኡልካን ጃኒቤክ ቤክቱር
ዕድሜ፦ 15
ሥራ፦ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ
አድራሻ፦ ኩርጋክ-ሱ መንደር፣ የላይኛው መንገድ፣ ከወፍጮው ቀጥሎ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ኦክቶበር 18 ቀን 1999፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት
ቃሉን የተቀበሉት፦ መቶ አለቃ ኤርኪን ዶሎቶቭ
ምስክሯ ለአካለ መጠን ስላልደረሰች አብረው የተገኙት፦ እናቷ ወይዘሮ ጉልሱን

እኔ ከላይ ስሜ የተጠቀሰው ኡልካን፣ ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባቴ በፊት ኅሊናዬን የከበደውን አንድ ወንጀል በራሴ ፈቃድ፣ ያለ ማንም አስገዳጅነት እናዘዛለሁ። ኦክቶበር 16 ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ በመንደራችን አስተዳዳሪ በአቶ ቱርዳኩን ግቢ ውስጥ፣ ከትልቁ ድስት ወደ ሱፍ ድንኳኑ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ለአስተዳዳሪው ተብሎ ከተቆረጠው ላት አንድ ቁራጭ በሁለት ጣቴ አንስቼ በልቻለሁ። ላቱ ትኩስ ነበር። ግብረ አበር የለኝም። አስተዳዳሪው ከራሳቸው በፊት ሆዳቸው በር የሚገባ ሰው ስለሆኑ የደረሰባቸው ጉዳት ቀላል ነው ብዬ አምናለሁ። መርማሪው ይህ ለጉዳዩ አያስፈልግም ብለውኝ ነበር። ነገር ግን ቀደም ሲል "አንድም ሳታስቀሪ ተናገሪ" ስላሉኝ አላስቀረሁም።

የተጠራሁት ግን በላቱ አይደለም። ኮሎኔል ካሲማሊ ሳቲባልዲዬቭ ባቀረቡት አቤቱታ፣ አያቴ አቶ ቤክቱር የምርጫ ቅስቀሳ ለማወክ አስቀድመው አሲረው የልጅ ልጃቸውን አሰማርተዋል በማለት ስለከሰሷቸው ነው። አያቴ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ደረታቸውም ደኅና አይደለም። ክሱ ከጸና እንደሚታሰሩ መርማሪው ነግረውኛል። ስለዚህ የማን እጅ ምን እንዳደረገ እናገራለሁ። ከዚህ በታች አያቴንም ኮሎኔሉንም አንቱ እላለሁ፤ አያቴን ወድጄ ነው፣ ኮሎኔሉን መርማሪው ስላዘዙኝ ነው።

ኮሎኔሉን ታውቂያቸዋለሽ ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ የማያውቃቸው የለም ብያለሁ። የመንደራችን ተወላጅ ናቸው። በ1951 በጸጥታው መሥሪያ ቤት ገና መቶ አለቃ ነበሩ። ቀጥሎ የወረዳው የጸጥታ ሹም ሆኑ፤ ቀጥሎ የክፍለ ሀገሩ። በእሳቸው ዘመን ሰው በገዛ ቤቱ ጎረቤቱን ማማት ቢያምረው መጀመሪያ ውሻውን ያስወጣ ነበር ይባላል። የሶቪየት መንግሥት ሲፈርስ ትልልቆቹ ኮሎኔሉም አብረው የሚፈርሱ መስሏቸው ነበር። እሳቸው ግን በሳምንቱ ከተማ አደባባይ ላይ ወጥተው "እኔ ድሮም በልቤ ዴሞክራት ነበርኩ" አሉ። ልባቸውን ከፍቶ ያየ ስለሌለ የሚከራከራቸው ጠፋ። ከዚያ መካ ደርሰው ሐጂ ሆኑ። ከዚያ ጢም አበቀሉ። ጢማቸው በአንድ ክረምት ነጣ፤ የእኛን ሽማግሌዎች ሠላሳ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። አሁን ደግሞ ለፓርላማ ይወዳደራሉ። በትምህርት ቤታችን አጥር ላይ በተለጠፈው ፎቶግራፋቸው ሥር "ንጹሕ እጅ፣ ንጹሕ ውሃ" የሚል ተጽፏል። ከተመረጡ የቧንቧ ውሃ ሊያስገቡልን ነው።

በእኛ መንደር ሰው ለየብቻው አይመርጥም። ሽማግሌዎቹ ድግስ ላይ ይመርቃሉ፤ መንደሩ የተመረቀውን ይመርጣል። ምርቃቱን የሚያወርደው ደግሞ የበጉ ራስ የቀረበለት ሰው ነው። አስተዳዳሪው ይህን ድግስ የደገሱት ለኮሎኔሉ ሲሆን፣ ራሱም ለኮሎኔሉ እንዲቀርብ ተወስኖ ነበር። እንግዲህ ኮሎኔሉ በገዛ አፋቸው ራሳቸውን ሊመርቁ ነበር ማለት ነው። እናቴ "ድሮም ምርጫ እንዲህ ነበር፤ አንድ ዕጩ፣ እሱም ቆጣሪው" ብላ ነበር። (እናቴ ይህ እንዳይጻፍ ጠይቃለች። እኔ እንዲጻፍ ጠይቄአለሁ። ቃሉ የእኔ ስለሆነ ተጽፏል።)

መርማሪው የከተማ ልጅ ስለሆኑ ይህንንም ላስረዳቸው። በግ ሲታረድ እያንዳንዱ አጥንት ባለቤት አለው። ራሱ ለክቡሩ፣ ዳሌው ለሽማግሌ፣ የጀርባ አጥንቱ ለምራትና ለልጅ ነው። የሰው ክብሩ ስንት እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ሳህኑን ያያል። ከሽማግሌ ፊት የተቀመጠ ራስ አይነሳም፤ ማንሳት በጥፊ ከመምታት ይብሳል። የቀረበለት ሰው ብቻ፣ ከፈለገ፣ ለሌላ ያሳልፈዋል።

አያቴና ኮሎኔሉ የሚተዋወቁት በዚሁ በበግ ራስ ነው። በ1951 በጋራ እርሻው ድግስ ላይ ሥጋ የሚያቀርቡት አያቴ ነበሩ። ከላይ፣ በክብር ቦታው፣ የፓርቲው ተወካይ ተቀምጧል። በሩ ሥር ደግሞ ከግዞት የተመለሱ፣ ጁኑሽ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። አያቴ ራሱን ለአዛውንቱ አቀረቡ፣ ከሁሉም በዕድሜ ስለሚበልጡ። በሳምንቱ መቶ አለቃ ካሲማሊ መጥተው አያቴን ወሰዷቸው። ጥፋቱ "ለሕዝብ ጠላት ክብር በመስጠት ፓርቲውን ማዋረድ" ተባለ። አያቴ አምስት ዓመት በሰሜን ማዕድን ሲቆፍሩ ቆይተው ሲመለሱ፣ እየዳኸ ትተውት የሄዱት የበኩር ልጃቸው መቃብር ላይ ሳር በቅሎ ነበር። መቶ አለቃው ደግሞ በዚያ ክስ ሻምበል ሆነዋል። ከዚያ ወዲህ አያቴ በየድግሱ በሩ ሥር ይቀመጣሉ፤ የቀረበላቸውን ይበላሉ፤ አይናገሩም። ይህን ማን ነገረሽ ተብዬ ተጠይቄ፣ መንደሩ ነው ብያለሁ። መንደሩ አፉን ዘግቶ መናገር ይችላል። መጥሪያ ይላክለት።

በተባለው ቀን ከሰባት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እንግዶች ወደ ድንኳኑ ገቡ። እኔ ጣሳና ሳፋ ይዤ እጅ አስታጠብኩ። ኮሎኔሉ ጋ ስደርስ፣ ዓይናቸው አስተዳዳሪው ላይ እንዳለ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

"ውሃው በረዶ ነው" አሉ።

"ታገሱ አባባ፣ የቧንቧው እስኪመጣ ነው" አልኳቸው።

ከጎናቸው የነበሩት አባባ ጃፓር ሳቁ። አባባ ጃፓር ጆሯቸው አይሰማም፤ ሰው ሲስቅ ሲያዩ ግን ወደ ኋላ አይቀሩም። ጥርሳቸውን ኪሳቸው ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት፤ ለሥጋና ለፎቶግራፍ ብቻ ያወጡታል።

ከዚያ ኮሎኔሉ ንግግር አደረጉ። ንግግሩ ረጅም ነበር። ከሽማግሌዎቹ ግማሾቹ አንቀላፍተው፣ ድምፁ ጸጥ ባለ ቁጥር እየባነኑ ያጨበጭቡ ነበር፤ የድሮ ልማድ ነው። እኔ የያዝኩት አንዱን ቦታ ብቻ ነው። ኮሎኔሉ ጢማቸውን እየደባበሱ እንዲህ አሉ፦ "ድሮ ክብር በሹመት ነበር፤ ያ ስሕተት ነበር። ዛሬ ወደ አባቶቻችን ወግ ተመልሰናል። ከእንግዲህ ታላቅ ታላቅ ነው፣ ታናሽ ታናሽ ነው።"

አያቴን አየኋቸው። በሩ ሥር፣ የሰው ጫማ ከተደረደረበት አጠገብ፣ ነጭ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ። ያጨበጨቡትም እሳቸውን አያዩም። ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት። ከዚያ በፊት አላሰብኩም፤ አያቴም ሌላ ሰውም አንዲት ቃል አልነገረኝም። አሰማርተዋል የሚባለው ሐሰት ነው። ከቂም በቀር ያሰማራኝ የለም፤ እሱንም ከእሳቸው አልወረስኩትም፣ እሳቸው ቂማቸውን ማዕድን ውስጥ ጥለው ነው የመጡት። እኔ ነኝ ያነሳሁት።

ራሱን እንዲያቀርብ የተመደበው የአስተዳዳሪው ልጅ ሚርላን ነበር። ድስቱ አጠገብ አገኘሁትና "አንተ፣ ፈረስህ ተፈትቶ እየሄደ ነው" አልኩት።

"የትኛው?"

"ስንት አለህ?"

ሮጠ። አልዋሸሁትም፤ ፈረሱ በእርግጥ ተፈትቶ ነበር። የፈታሁት እኔ ነኝ።

ሳህኑን በሁለት እጄ ይዤ ገባሁ። አስተዳዳሪው "ወዲህ፣ ወዲህ፣ ከላይ!" አሉ፣ በአገጫቸው እያመለከቱ። ኮሎኔሉ ቢላቸውን አውጥተው በጨርቅ ይወለውሉ ነበር። እኔ ፊቴን ወደ በሩ መለስኩና አያቴ ፊት ተንበርክኬ ሳህኑን አስቀመጥኩ፤ እንደ ወጉም የበጉን አፍንጫ ወደ እሳቸው አዞርኩ።



"ልጄ፣ ተሳስተሻል" አሉ አስተዳዳሪው። ፊታቸው ቲማቲም መስሏል።

"ምኑ ላይ ነው ጋሼ?"

"ራሱ የክቡር እንግዳችን ነው!"

"ሐጂ አባባ አሁን እኮ ታላቅ ታላቅ ነው ብለውናል። ማን ነው የሚበልጠው? ካጠፋሁ ልታረም።"

አስተዳዳሪው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። ሽማግሌዎቹ የድንኳኑን ጣሪያ ማየት ጀመሩ።  በዚህ ጊዜ አባባ ጃፓር "ምንድን ነው?" ብለው ጎረቤታቸውን ጎነተሉ።

"ቤክቱርና ካሲማሊ ማን ይበልጣል ነው የሚሉት!" ብሎ ጆሯቸው ላይ ጮኸባቸው።

"ምን ይጠየቃል! ቤክቱር ነዋ! ካሲማሊን እኮ ሱሪ ሳይታጠቅ አዝሎት ወንዝ ያሻግረው ነበር!"

አንዳንድ ሰዎች ሳል ያዛቸው። ኮሎኔሉ ግን ፈገግ አሉ። የዚያ ፈገግታ ነገር መርማሪውም ሳያውቁት አይቀርም። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ እንደ ማር ባለ ድምፅ፣ "ቤክቱር ወንድሜ፣ ልጅቷ አስቸገረችህ። ደረትህም ደካማ ነው፤ ስቡ ያስልሃል። አሳልፈው ወዲህ" አሉ።

እዚህ ላይ ፈራሁ። የፈራሁት ለራሴ አይደለም። አያቴ ቢያሳልፉት ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር፤ ኮሎኔሉ በልተው፣ ራሳቸውን መርቀው ይሄዱ ነበር። አያቴ ደግሞ በቀረችው ዕድሜያቸው ሁሉ በበግ ራስ ሁለት ጊዜ የተሸነፉ ሰው ይሆኑ ነበር፤ ሁለተኛውን በእኔ ምክንያት። እጃቸውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አደረጉ። ሳህኑን ብድግ የሚያደርጉት መሰለኝ።

"ቢላ ስጡኝ" አሉ።

ድምፃቸው ጎርነን ያለ ነው፤ አንዳንድ ልጆች ሰምተውት ስለማያውቁ ከየት እንደመጣ ፈለጉ። ድንኳኑ ውስጥ የወጣ ቢላ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ኮሎኔሉ እጅ ላይ ነው። ወጉ ቢላን ስለቱን ወደ ሰጪው፣ እጀታውን ወደ ተቀባዩ አድርጎ መስጠት ነው። ኮሎኔሉ ስለቱን ወደ ራሳቸው አዙረው ዘረጉ። እንግዶቹ ከእጅ ወደ እጅ ተቀባብለው በሩ ሥር አደረሱት።

አያቴ ጆሮውን ቆርጠው፣ ልጅ ሰሚ ይሁን ተብሎ እንደሚሰጠው፣ ለእኔ ሰጡኝ። ጉንጩን ለአባባ ጃፓር ላኩ። አባባ ጃፓር ጥርሳቸውን አወጡ። ራሱ ሲበላ ነው ሌላው የሚበላው፤ ስለዚህ የቀረውን ሥጋ አዞርኩ። ዳሌውን ለሽማግሌዎቹ፣ ጭኑን ለአስተዳዳሪው። ኮሎኔሉ ጋ ስደርስ ትሪው ላይ የቀረው የጀርባ አጥንት ብቻ ነበር። ሌላው ሥጋ ወዴት ሄደ ተብዬ ተጠይቄ፣ በጨርቅ ሸፍኜ ውጭ ማስቀመጤን አምናለሁ። "ይብሉ አባባ፣ ለምራት የሚሰጥ ነው፤ ይጣፍጣል" ብዬ አቀረብኩላቸው። አልበሉትም። ከኋላ የነበሩት ሴቶች ግን ሳቃቸውን በሻሻቸው አፈኑት።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ምርቃት ደረሰ። አያቴ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ድንኳኑ ሁሉ ዘረጋ፤ ኮሎኔሉም ዘረጉ። ምርቃቱን ቃል በቃል ተናገሪ ስለተባልኩ እናገራለሁ።

"አምላክ ሆይ፣ ለካሲማሊ ዕድሜ ስጠው" አሉ አያቴ።

"አሚን!" አለ ሰው። ኮሎኔሉም አሚን አሉ፤ አስተዳዳሪው ተንፈስ አሉ።

"እሱ ለእኔ የሰጠኝን ዓይነት ዕድሜ ስጠው።"

"አሚን" አለ ሰው፣ ቀስ ብሎ።

"ደጁን የሚጠብቅለት ሰው አይጣ። ሲተኛም፣ ሲያስልም፣ ሲያለቅስም የሚያዳምጠው አይጣ።"

"አሚን!" አሁን ሴቶቹ ናቸው የቀደሙት።

"ልጄን ሳልቀብር እንደቀረሁ፣ የሚወደው ሲቀበር እሱም መንገድ ላይ ይቅር።"

"አሚን!"

"እኔን እንደጠየቀኝ አንተም ጠይቀው። አትቸኩል፤ እሱም አልቸኮለም።"

"አሚን!!" የድንኳኑ ሱፍ የተነቃነቀ መሰለኝ።

ከዚያ ሁሉም መዳፉን ፊቱ ላይ አሳለፈ። የኮሎኔሉ እጆች ብቻ አየር ላይ ቀሩ። ፊታቸው ላይ ካሳለፉት የተባለውን ሁሉ ተቀበሉ ማለት ነው። ካላሳለፉት ሁለት መቶ መራጭ ፊት ጸሎት የረገጡ ሐጂ ናቸው። አየኋቸው። ሁሉም ያያቸዋል፤ እሳቸው ሌላውን ሲያዩ እንደኖሩት። በመጨረሻ አሳለፉት። ቀስ ብለው፣ ከግንባር እስከ ጢም።

"ምን አለ? ምን አለ?" አሉ አባባ ጃፓር።

"መረቀው!"

"እሰይ! ይገባዋል!"

ደስ አለሽ ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ አዎን ብያለሁ። ምን ያህል ተብዬ አልተጠየቅሁም፤ ብጠየቅ ወረቀቱ አይበቃም ነበር።

ሳቄን መያዝ ስላቃተኝ ከድንኳኑ ኋላ፣ ፈረሶቹ ከታሰሩበት ግንድ ሥር ሄጄ ተደበቅሁ። ጥቂት ቆይቶ ኮሎኔሉ አንድ ሰው አስከትለው ወደዚያው መጡ። ሰውየው ለድግሱ ጥበቃ የመጡት፣ አሁን ይህን ቃል የሚጽፉት መቶ አለቃ ኤርኪን ናቸው። የተባባሉትን እሳቸው ያውቁታል፤ ቢሆንም ይጻፍ።

ኮሎኔሉ "ጻፍ" አሏቸው። "ቤክቱር ያሴረው ነው። ልጅቷ መሣሪያ ናት።"

"ሐጂ፣ አንድ የበግ ራስ ነው እኮ" አሉ መቶ አለቃው።

"በሃምሳ አንድም የበግ ራስ ነበር። እኔም መቶ አለቃ ነበርኩ። በቂ ነበር።"

 መቶ አለቃው እስክሪብቷቸውን ከኪሳቸው ሲያወጡ አየሁ። ያን ጊዜ ያፈንኩት ሳቅ ስቅታ ሆኖ አመለጠኝ።

ኮሎኔሉ ዞር አላሉም። ወደ ግንዱም አላዩም። ቀኑን ሙሉ ስሜን አልጠየቁኝም፤ የነገራቸውም የለም።

"ኡልካን ጃኒቤክ" አሉ። "ውጪ።"

ወጣሁ። "አቤት አባባ" አልኳቸው። "ስሜን ካወቁት እሱን ያስጽፉ። የአያቴን አንድ ጊዜ አስጽፈውታል።"

ከላይ የሰፈረው ቃል ከአፌ የወጣ መሆኑን፣ ተነቦልኝም እውነት ሆኖ እንዳገኘሁት አረጋግጣለሁ። መርማሪው መጨረሻው ላይ "በድርጊቴ ተጸጽቻለሁ" የሚል ጨምረውልኝ ነበር፤ ሁሉም ሰው እንዲያ ይላል አሉኝ። እኔ አላልኩም። መስመሩ በጥያቄዬ ተሰርዟል፤ ከስርዙ ጎንም ተፈርሟል።

ቃሏን የሰጠች፦ ኡልካን ጃኒቤክ (ፊርማ፤ ከስርዙም ጎን)
እናት፦ ጉልሱን (ፊርማ፤ ከስርዙም ጎን)
ቃሉን የተቀበለ፦ መቶ አለቃ ኤርኪን ዶሎቶቭ (ፊርማ፤ ከስርዙም ጎን)